«ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ»፡- ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች አያያዝና አመዘጋገብ በፋርማሲዎቻችን

በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ፋርማሲ አንድ የተቆለፈ ቁም ሣጥን አለ። ለምን ተቆለፈ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ከአፍ ላይ ነው፤ «ሱስ ስለሚያስይዝ» ትባላላችሁ። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ስለ ቀሪው ግማሽ ለመጻፍ ነው። ቁልፉና መዝገቡ መድኃኒቱ ወደማይገባው ሰው እንዳይሄድ ብቻ ሳይሆን ለሚገባው ሰው እንዲደርስም ጭምር የተሠሩ ናቸው። ለተግባር ልምምድ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬና በዙሪያው ወዳሉት ወረዳዎች ለምትወጡ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የጎደለውን መምህራኖቻችን ይሙሉበት።

ቁጥጥር የሚደረግባቸው የምንላቸው መድኃኒቶች በዋናነት ሁለት ቤተሰብ ናቸው። አንደኛው ናርኮቲክ ነው፤ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒል፣ ኮዴይን እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ሳይኮትሮፒክ ሲሆን በእኛ አካባቢ በብዛት የምናገኛቸው ዲያዜፓምና ፌኖባርቢታል ናቸው። ከሁለቱ ጎን ደግሞ ፕሪከርሰር የሚባሉ አሉ። እነዚህ ራሳቸው ሱስ ባያስይዙም ሌላ አደገኛ ነገር ሊሠራባቸው ይችላል። ለወላድ ደም ማቆሚያ የምናውቀው ኤርጎሜትሪን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ መሆኑን ስንማር ክፍሉ ሁሉ ተገርሞ ነበር። ነገሩ ኤል.ኤስ.ዲ. የሚባለው አእምሮ የሚያናውጥ ንጥረ ነገር ከእሱ ሊሠራ ስለሚችል ነው። ኤፌድሪንም እንዲሁ ለሜታምፌታሚን መሥሪያ ስለሚውል ተቆጣጣሪ በዝቶበታል።

ሕጉ ከየት መጣ? ሥሩ ከአገራችን ውጪ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የጸደቀው የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት፣ በ1971 እ.ኤ.አ. በቪየና የጸደቀው የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነትና በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕገ ወጥ ዝውውር መከላከያ ስምምነት ሦስቱ ምሰሶዎች ናቸው። ኢትዮጵያ የሦስቱም አባል ናት። የ1961ዱን ስምምነት ሰው ሁሉ የክልከላ ሰነድ አድርጎ ያየዋል። መግቢያውን ላነበበ ግን መጀመሪያ የሚያነሳው ነገር ሌላ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውንና በበቂ መጠን መገኘት እንዳለባቸው ይናገራል። ክልከላው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚሁ ስምምነት ውስጥ ለፋርማሲ ሰው ሁለት አንቀጾች ይበቃሉ። አንቀጽ 30 ናርኮቲክ መድኃኒት ለግለሰብ የሚሰጠው በሐኪም ማዘዣ መሆኑን ይደነግጋል፤ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም ማዘዣው መንግሥት ባሳተመው ባለ ጉርድ ጥራዝ ላይ እንዲጻፍ ይላል። እኛ አገር ልዩ ማዘዣ የምንለው ተራ ቁጥር ያለው ወረቀት አባቱ ይህ አንቀጽ ነው። አንቀጽ 34 ደግሞ የገባውንና የወጣውን እያንዳንዱን መጠን የሚያሳይ መዝገብ እንዲያዝና መዝገቡም ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲቀመጥ ያዛል። በእኛ አሠራር ተራው ማዘዣ ሁለት ዓመት፣ የናርኮቲክና የሳይኮትሮፒክ ማዘዣ ደግሞ አምስት ዓመት ይቀመጣል።

በአገራችን በኩል የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991 ወጣ፤ እሱ በአዋጅ ቁጥር 661/2002 ተተካ፤ ይህም በበኩሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲመጣ ቦታውን ለቀቀ። አዋጁን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ስሙ ሁለት ሦስቴ ተቀያይሯል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የድሮ ተማሪዎች ማስታወሻ ላይ «ዳካ» እና «ፍማካ» የሚሉ ስሞችን ብታገኙ ግር አይበላችሁ፣ የዚሁ መሥሪያ ቤት የልጅነት ስሞች ናቸው። ከአዋጆቹ ሌላ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አለ። አንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ ወይም ከሕግ ውጪ በእነዚህ ነገሮች የሚነግድን ሰው ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና ከመቶ ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ያስቀጣል። ይህቺን አንቀጽ ሁሉም ሰው ያውቃታል። ወደ ኋላ እንደማሳየው ፍርሃቱም ከእሷ ይጀምራል።

አሁን ብዙዎቻችን ወደማናስተውለው ነገር ልግባ። አንድ አገር የፈለገውን ያህል ሞርፊን ገዝቶ ማስገባት አይችልም። በየዓመቱ ፍላጎቱን ገምቶ ቪየና ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ያቀርባል፤ ግዢው የሚፈቀደው በዚያ ግምት ልክ ነው። ቢያልቅ ተጨማሪ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ጊዜ ይፈጃል። ለሳይኮትሮፒኮቹም ቀለል ያለ ተመሳሳይ ግምት ይቀርባል። ታዲያ የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያን ፍላጎት ከየት ያመጣዋል? ከሰማይ አይወርድለትም። ከየተቋሙ ከሚመጣ የአጠቃቀም ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ የሚወጣው ከመዝገቡ ነው። መዝገቡን የሚሞላው ደግሞ ደንበጫ ወይም ሽንዲ መስኮት ላይ የቆመው መድኃኒት አዳይ ነው። አንድ መስመር ሳይሞላ ካለፈ በወረቀት ላይ ያ በሽተኛ አልታመመም፤ ለሚመጣው ዓመትም መድኃኒት አልተጠየቀለትም ማለት ነው።

ወደ ቁም ሣጥኑ እንመለስ። መድኃኒቱ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ወይም ፈቃድ ካለው አስመጪ ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ስም፣ ጥንካሬ፣ የዶዝ ዓይነት፣ የባች ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀንና ብዛት ይጻፋሉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማመን አይገባም፤ ተከፍቶ ይቆጠራል፣ ሲቆጠርም ሁለት ሰው ይኑር። ከስቶር ወደ ማደያ ክፍል ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። በቢን ካርዱ ላይ ይቀነሳል። ማደያ ክፍሉ ከደረሰ በኋላ የሚጻፍበት መዝገብ ግን ሌላ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ርዕስም ከዚያ የተወሰደ ነው። ሦስቱ ዋና ዓምዶች ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ ናቸው። ከጎናቸው ቀኑ፣ የበሽተኛው ሙሉ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ የካርድ ቁጥር፣ የመድኃኒቱ ስምና ጥንካሬ፣ ያዘዘው ባለሙያ ስም፣ የልዩ ማዘዣው ተራ ቁጥር፣ በመጨረሻም የአዳዩ ፊርማ ይሰፍራሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው «ከወጪ ቀሪ» የምትለው ዓምድ ናት። አንዳንድ ቦታ ይቺ ዓምድ ወሩ ሲያልቅ በአንድ ቀን ትሞላለች። ያኔ ዋጋዋ አለቀ። በእያንዳንዱ ዕደላ ላይ ከተሞላች ግን በማንኛውም ሰዓት ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ቆጥሮ ማመሳከር ይቻላል። ምሳሌ ልስጥ። ጠዋት አንድ ሺህ ፍሬ ፌኖባርቢታል 100 ሚ.ግ. ነበር እንበል። ለአሥር ሰው ሠላሳ ሠላሳ ፍሬ ታደለ። ቀሪው 700 መሆን አለበት፤ ሲቆጠር 670 ሆነ። ሠላሳ ፍሬ ጎደለ። የመጀመሪያው ሐሳብ «ማን ወሰደው?» ነው፤ ሰው መጠርጠር ይጀመራል። ከዚያ በፊት ግን የማዘዣዎቹን ተራ ቁጥር በቅደም ተከተል መደርደር ይበጃል። 412፣ 413፣ 415 እያለ ከሄደ 414 የት ገባች? ምናልባት ከተራ ማዘዣዎች ጋር ተቀላቅላ ተሰፍታለች፤ መድኃኒቱ ታድሏል፣ መዝገቡ ላይ አልሰፈረም። ይህ ሌብነት አይደለም። 414 ከጥራዙ ተገንጥላ ከነጉርዷ ከሌለች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ለኃላፊው፣ ለተቆጣጣሪውና ለፖሊስ ሳይውል ሳያድር ማሳወቅ ነው። ተራ ቁጥሩ የተጻፈው ለዚህ ነው።

መዝገብ ላይ ስሕተት ሲጻፍ በፍሉድ ማጥፋት አይቻልም፣ ቅጠሉንም መቅደድ አይቻልም። በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ የታችኛው ጽሑፍ እየተነበበ፣ ትክክሉ ከጎኑ ይጻፍና ይፈረማል። ማዘዣው ላይም ብዛቱ በአኃዝና በፊደል ይጻፋል። አኃዝ ብቻውን ሲሆን 10 ላይ አንድ ዜሮ መጨመር ምን ያስቸግራል?

የዋርድ መድኃኒት ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ፔቲዲን 100 ሚ.ግ. በሚይዝ አምፑል ይመጣል። ሐኪሙ 50 ሚ.ግ. ካዘዘ ግማሹ ተረፈ ማለት ነው። የተረፈው በሁለት ሰው ፊት ይደፋል፣ «50 ሚ.ግ. ተሰጥቷል፣ 50 ሚ.ግ. ተደፍቷል» ተብሎ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ባዶው አምፑል ወደ ፋርማሲ ይመለሳል። ባዶ ጠርሙስ ምን ይሠራል የሚሉ አሉ። ባዶው ሳይመለስ አዲስ የሚሰጥ ከሆነ ግን የቱ ለበሽተኛ እንደተወጋ የቱ ኪስ እንደገባ ማን ይለየዋል? በዓለም ዙሪያ ከጤና ተቋም የሚጠፋው ናርኮቲክ ሁልጊዜ በሌሊት በር ተሰብሮ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተረፈ በተባለው ግማሽ አምፑል በኩል ነው።

ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ከቁጥጥር አይወጣም። ከሚታደለው ተለይቶ፣ ተቆልፎ፣ በመዝገብ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ሲወገድም በተቆጣጣሪው ፈቃድ፣ በኮሚቴ ፊት፣ በቃለ ጉባኤ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበርና «ጊዜው አልፎበት ጣልነው» ብሎ መጻፍ አይሠራም።

እስካሁን ያልኩት መጽሐፍ ላይም ይገኛል። አሁን ያየሁትን ልናገር። ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ጤና ተቋም፣ አንድ ገበሬ ከቆላ በኩል ሴት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ክንዷ ላይ የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ አለ፣ ምድጃ ላይ ወድቃ ነው። በፌኖባርቢታል ሁለት ዓመት ያህል ሳትወድቅ ቆይታለች። መድኃኒቱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ እኔው ራሴ ጠዋት ቆጥሬዋለሁ። የጠፋው ወረቀቱ ነው። የሳይኮትሮፒክ ማዘዣው ጥራዝ አልቆ አዲሱ ገና አልመጣም። ያለቀው ጥራዝ ሒሳቡ ሲወራረድ ነው አዲሱ የሚሰጠው፤ ማወራረዱ ደግሞ ዘግይቷል። አዳዩ «አባቴ፣ ሰኞ ይመለሱ» አላቸው። ሰውየው ነጭ ጋዎን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ነው የሚሉት፤ «ዶክተር ልጄ፣ ሰኞ ድረስ በሽታው ይታገሠናል ወይ?» አሉ።

የሚመልስ አልነበረም። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ፋርማኮሎጂ የተማርን ሁላችን እናውቀዋለን፤ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ግርፋቱ ሳያቋርጥ እየተከታተለ ለሞት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። የጤና መኮንኑ ተጠርቶ መጣ፤ ስልክ ተደወለ፤ ከሌላ ክፍል ጥቂት ያልተጻፈባቸው ማዘዣዎች ያሉት ጥራዝ ተገኘና ልጅቱ የአንድ ወሯን ይዛ ሄደች። የዚያን ቀን መልካም ሆነ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከፊታቸው ስንቱ ሰኞ ይመለሱ ተብሎ ሄዶ ይሆን የሚለው ነው። የሚጥል በሽታ ባለባቸው ቤቶች ጠበል አለ፣ የባሕል መድኃኒት አለ፣ መድኃኒት ቤት አለ፤ ቤተሰቡ ሁሉንም ይሞክራል፤ ይህን የምናውቀው ነው። አንዴ ተመላልሶ ባዶ እጁን የሄደ ሰው ግን ለሦስተኛው በር ዳግመኛ የሚመጣ አይመስለኝም። እናም ጥራዙ ሊያልቅ ሃያ ቅጠል ሲቀረው ማወራረዱን መጀመር እንደ ትንሽ የቢሮ ሥራ መታየት የለበትም። ለነገሩ ማንም ይህን የሚከለክል የለም፤ ልማድ ሆኖ ነው እስከሚያልቅ የሚጠበቀው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ የሒሳብ ነገር አለ። በተቀናጀው የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ይልካሉ፤ ከፍተኛው ክምችት የአራት ወር ነው። አሁን አንድ ጤና ጣቢያ በሁለት ወር (60 ቀን) ውስጥ 1,200 ፍሬ ፌኖባርቢታል አደለ እንበል። የአራት ወሩ 2,400 ነው ተብሎ ይጠየቃል። ነገር ግን ከስልሳው ቀን ውስጥ ሃያውን ቀን መድኃኒቱ አልነበረም። ስለዚህ 1,200 የታደለው በአርባ ቀን ነው። 1,200 ለ40 ተካፍሎ በ60 ሲባዛ 1,800 ይሆናል፤ የአራት ወሩም 3,600። ልዩነቱ 1,200 ፍሬ ነው። አንድ በሽተኛ ማታ ማታ አንድ ፍሬ የሚወስድ ከሆነ በአራት ወር 120 ፍሬ ይፈልጋል፤ 1,200 ፍሬ የአሥር ሰው የአራት ወር መድኃኒት ነው። አሥር ሰው በአንድ ማካፈል ስሌት ምክንያት ከመዝገብ ወጣ። ቢን ካርዱ ላይ መድኃኒቱ ያለቀበትንና የመጣበትን ቀን ካልጻፍን ደግሞ ይህን ስሌት ማስላትም አይቻል።

ስለ ፍርሃቱ ላንሳ። አንዳንድ ባለሙያዎች፣ በተለይ አዲስ የተመረቁ፣ ናርኮቲክ ያለበትን ቁልፍ መያዝ አይፈልጉም። «ጣጣ ነው» ይላሉ። አንቀጽ 525 በጆሯቸው ይደውላል። ስለዚህ ተቋሙ ባያስመጣው ይመርጣሉ፤ ያላስመጣ አይጎድልበትማ! ውጤቱ ግን በሽተኛው ላይ ነው የሚወድቀው። በ2017 እ.ኤ.አ. የላንሴት ኮሚሽን ባወጣው ጥናት በዓለም በዓመት ከሚሠራጨው፣ በሞርፊን ልክ ሲሰላ 298.5 ቶን ከሚሆነው ኦፒዮይድ ውስጥ፣ ለድሃ አገሮች ሁሉ በድምሩ የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ካንሰሩ ወደ አጥንት የደረሰበት ሰው በፓራሲታሞልና በዳይክሎፌናክ ሲያድር ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ ያየ ያውቀዋል። ሞርፊን ደግሞ ውድ መድኃኒት አይደለም። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ከዱቄትና ከውኃ የሚዘጋጅ ነው፤ የሚያስወድደው ጥበቃውና ወረቀቱ ነው። ሕጉን በትክክል ያወቀ ሰው ይህን ፍርሃት ይቀንሳል የሚል እምነት አለኝ፤ ምክንያቱም አንቀጽ 525 የሚናገረው ያለ ፈቃድና ከሕግ ውጪ ስለሚያደርግ ሰው ነው። በፈቃድ ለሚሠራው ባለሙያ መዝገቡ ጠበቃው ነው። በማዘዣ መስጠቱን፣ ቀሪውን መቁጠሩን፣ ጉድለቱንም በሰዓቱ ማሳወቁን በጽሑፍ ያሳያል።

ተቃራኒውን ለማየት ወደ አሜሪካ ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ የአገራችን ልጆች እዚያ በፋርማሲ ሙያ ስለሚሠሩ ወሬውም አዲስ አይሆንብንም። የእነሱ ፌዴራል ሕግ የ1970 እ.ኤ.አ. ሲሆን መድኃኒቶቹን በአምስት ሰንጠረዥ ይከፍላል። አንደኛው ሰንጠረዥ ለሕክምና የማይፈቀድ ነው። ሞርፊንና ፌንታኒል በሁለተኛው ናቸው፤ ለእነሱ ማዘዣ ዳግም አይሞላም፣ ግዢውም 222 በሚባል ልዩ ቅጽ ወይም በኤሌክትሮኒክ አቻው ነው። ዲያዜፓም በአራተኛው ሰንጠረዥ ስላለ በስድስት ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ ዳግም መሙላት ይቻላል። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ ቆጠራ ይደረጋል፣ የሁለተኛው ሰንጠረዥ ፍሬ በፍሬ ይቆጠራል፣ መዝገቡ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ ያን ያህል ሰው በኦፒዮይድ አለቀ። በ2022 እ.ኤ.አ. ሲቪኤስ፣ ዎልግሪንስና ዎልማርት አጠራጣሪ ማዘዣዎችን ሞልተዋል በሚል ለቀረበባቸው ክስ፣ ጥፋቱን ሳያምኑ፣ በድምሩ ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምተዋል። እኔ ከዚህ የምረዳው ወረቀቱ የተሟላ መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ማዘዣው ትክክለኛ ቢመስልም «ይህ ሐኪም ለዚህ ሁሉ ሰው ለምን ይህን ያዛል?» ብሎ መጠየቅ የፋርማሲስቱ ድርሻ ነው። እኛ አገር ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ የበዛው እዚህ የለም።

ይህ ማለት ግን በእኛ በኩል የሚያሠጋ ነገር የለም ማለት አይደለም። ያለ ማዘዣ «ለእንቅልፍ» ተብሎ ዲያዜፓም የሚጠየቅበት የግል መድኃኒት ቤት አይጠፋም። ትራማዶል ደግሞ የተለየ ፈተና ነው። በዓለም አቀፎቹ ሰንጠረዦች ውስጥ አልገባም፤ ሆኖም በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ አላግባብ መጠቀሙ ስለበዛ አንዳንድ አገሮች በራሳቸው ሕግ ተቆጣጥረውታል። ሹፌርና የቀን ሠራተኛ ድካም እንዲረሳው ይጠይቃል፤ እምቢ ሲባል ይቆጣል፤ ጎረቤት ያለው ቤት ይሸጥልኛል ይላል። በግል ቤት የሚሠራ ጓደኛችን ከደንበኛና ከሕግ መካከል የሚቆመው እዚህ ነው። ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት እያንዳንዳቸው የሚይዙት የመድኃኒት ዝርዝር የተለያየ መሆኑንም አትርሱ። ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏልና ቤቱ የትኛው ደረጃ እንደሆነ ከመቀጠራችሁ በፊት አንብቡት።

ስለ መዝገብ ሲወራ ጎጃም የሚኮራበት ነገር አለው። ኤ.ፒ.ቲ.ኤስ. የሚባለው፣ የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎትን ኦዲት ሊደረግ በሚችል መንገድ የሚመዘግበው ሥርዓት፣ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ መጀመሪያ የተተገበረው በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። የአማራ ክልልም በሕግ ደረጃ ቀድሞ አጸደቀው፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ክልሎች ሄደ። ከእሱ በፊት ኦዲተር ፋርማሲ ገብቶ የሚያየው ገንዘቡን ነበር፤ መድኃኒቱ ፍሬ በፍሬ የት እንደደረሰ ለመከተል ወረቀቱ አይመችም ነበር። ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ላይ ከድሮም የነበረው አሠራር ለሁሉም መድኃኒት ተዳረሰ ማለት ይቻላል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ግጭት ሲነሣ፣ መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ይህ ሁሉ ሰንሰለት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ታየ። ሪፖርቱ ካልሄደ መድኃኒቱም ጥራዙም አይመጣም። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ሰው «አሁን ምን መዝገብ ያስፈልጋል» ሊል ይችላል። እኔ የሚመስለኝ ተቃራኒው ነው። መስመር ሲከፈት ስንት ሰው ስንት ቀን ያለ መድኃኒት እንደቆየ ማሳየት የሚችለው በቀን በቀኑ የጻፈው ነው፤ ያልጻፈው ግን በግምት ይጠይቃል፣ በግምትም ይሰጠዋል።

በመጨረሻ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በክፍል ውስጥ ስለ ልዩ ማዘዣ እንማራለን፣ ወረቀቱን ግን ዓይተነው አናውቅም፤ ልምምድ ላይ ነው የምናየው። እውነተኛውን ማባዛት እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ዓምዶቹን ብቻ በተራ ደብተር ላይ አስምሮ፣ በመድኃኒት ፋንታ ባቄላ ወይም ሽምብራ ቆጥሮ፣ በላቦራቶሪያችን አንድ ተርም ማለማመድ ግን ወጪው የአንድ ደብተርና የአንድ ኪሎ እህል ነው። አንድ ቡድን ያድል፣ ሌላው ቡድን ሳይነገረው መጥቶ ይቁጠር። ተራ ቁጥር ዘሎ ያገኘው ቡድን የት እንደገባች ይፈልግ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ከተስማማችሁ ደብተሩን አስምሬ ለማምጣት ዝግጁ ነኝ፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪው ነፃ መሆኑን ጠይቄያለሁ።